እትዬ ብሎን እና የዛገችው ሽጉጥ

እትዬ ብሎን ይህን ስም ያገኘችው ገና በዳዴ ስትሄድ ነው። አባቷ የቁልፍና የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ እሷ ደግሞ በሥራ ጠረጴዛቸው ሥር እየዳኸች ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትልክ ልጅ። አንድ ቀን ትንሽ ብሎን ዋጠች። ቤቱ ተሸበረ፣ ሐኪም ዘንድ ተሮጠ፤ ሐኪሙም ሆዷን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ «ጠብቁ፣ መውጫውን አታጣውም» ብሎ መለሳቸው። ብሎኗ በማግስቱ ወጣች፤ ስሙ ግን ሳይወጣ ቀረ።

ስታድግ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ጠረጴዛው ፊት መጣች እንጂ ከዚያች ክፍል አልራቀችም። አባቷ የሞረድ አያያዝን፣ የሞላ አጠማዘዝን፣ የተጣበቀ ነገር ሳይሰበር የሚላቀቅበትን ዘዴ አስተማሯት። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን እሷ ያዘችው። ባል አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አልነበረም፤ አንዱ «ሱቁን ዝጊና እንጋባ» አላት፣ ሌላው «እናትሽን ዘመድ ጋ አስቀምጪና እንጋባ» አላት። ሁለቱንም እስከ በር ሸኝታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሃምሳዎቹን አጋመሰች፤ ደግሞም አልከፋትም፣ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ስትከፍት እያንጎራጎረች ነበር የምትከፍተው።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። መንገድ የሚያየው መስኮት ሥር ጠረጴዛው፣ በጠረጴዛው ጫፍ ሞርሳው፣ ግድግዳው ላይ እንደየቁመታቸው የተሰቀሉ ካቻቪቴዎች። መደርደሪያው በብስኩት ቆርቆሮዎች የተሞላ ነው፤ በየቆርቆሮው ውስጥ ቪቴ፣ ሞላ፣ የመኪና ጥርስ፣ እንዲሁም ምንነቱ ተረስቶ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የተቀመጠ ብረት አለ። በጀርባ በኩል መጋረጃ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ደግሞ እማማ አሉ። እማማ እናቷ ናቸው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውና ምላሳቸው ግን እንደ ኮረዳ ናቸው። ከአልጋቸው ሳይነሱ ደንበኛውን ሁሉ በአረማመዱ ይለያሉ፤ ያልተጠየቁትን ምክርም በመጋረጃው በኩል ይወረውራሉ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ፊሽካ በሩን ከፍቶ ገባ።

ጋሽ ፊሽካን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። በትልቁ ትምህርት ቤት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስፖርት ያስተማረ ሰው ነው። ዳኛው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም በልጅነቱ በእሱ ፊሽካ ሮጧል፣ በእሱ ፊሽካ ተቀጥቷል። ሚስቱ ከሞተች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ልጆቹም የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል። ቁመቱ ረጅም፣ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ድምፁ ደግሞ ሜዳ የለመደ ስለሆነ ክፍል ውስጥ አይበቃውም።

«እንደምን አደራችሁ!» ሲል የመስኮቱ መስታወት ነዘረ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እየሰማን ነው» አለች እትዬ ብሎን።

በብብቱ የያዘውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጨርቁን ገለጠው። ከረግረግ የተነቀለ ሥር የመሰለ ቡናማ ነገር ወጣ።

«ሽጉጥ ናት?»

«ነበረች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽጉጧ ስድስት ጎራሽ፣ ጥንታዊ ናት። አፈሙዟ ገና ድሮ በብረት ስለተደፈነ ጥይት አትተኩስም፤ ተኳሽ የሚሉትን ትንሽ የባሩድ ቆብ ጎርሳ ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው። ጋሽ ፊሽካ የትምህርት ቤቱን ሩጫ ሁሉ በእሷ ሲያስጀምር ኖሯል። እሱ ጡረታ ሲወጣ የስፖርት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተረሳች፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ውሃው በፍራሾቹ መሐል እየወረደ ለዓመታት በላት። ዘንድሮ ግን ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን ዓመት ሊያከብር ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ተሰብስበው ይሮጣሉ፤ ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ሽጉጧ መገኘቷን ሲሰሙም «በእሷ ካልሆነ አንሮጥም» ብለው አመፁ። የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊም ድሮ የጋሽ ፊሽካ ተማሪ ነው። አፈሙዙ መደፈኑን አይቶ ፈቀደ፤ «ግን ጋሼ፣ ሕግ ሕግ ነው» አለው፤ «ስትጠገን ከዓይንዎ እንዳትለይ። የየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ካዝና ትግባ።»

«እንግዲህ እርስዎ ካልከፋዎት» አለ ጋሽ ፊሽካ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ፣ «እኔም እዚሁ መቀመጤ ነው።»

«ያለኝ አንድ ወንበር ነው፤ እሱም እግሩ ይወላገዳል።»

«የእኔም ይወላገዳል፤ እንግባባለን።»

ከመጋረጃው ጀርባ እማማ ሲስቁ ተሰሙ።

እትዬ ብሎን ሽጉጧን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየቻት። «ባዶ ናት?»

«ባዶ ትመስለኛለች።»

«በ‹ትመስለኛለች› እዚህ ቤት ሥራ አይጀመርም።» የሽጉጧን አፍ ጥግ ወዳለው የአሸዋ ባልዲ አዙራ፣ ባትሪ እያበራች፣ ጥይት የሚቀመጥበትን ከበሮ ቀዳዳ በቀዳዳ በቀጭን ሽቦ መረመረች። ውስጡ ዝገትና አንድ የሞተ ሸረሪት ብቻ ነበር። «አሁን ባዶ ናት» አለች። ጋሽ ፊሽካ በሜዳ ላይ ስንቱን ሲያዝ የኖረ ሰው፣ እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ከበሮው አይዞርም፣ ምላጩ አይሳብም፣ መዶሻው አይነሳም። ሁሉም ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል። ጋሽ ፊሽካ እጅጌውን ጠቅልሎ ተነሳ። «አንድ ጊዜ በጉልበት...»

«ይቀመጡ። በጉልበት የተከፈተ ነገር በጉልበትም አይዘጋም።» ነጭ ጋዝና የመኪና ዘይት ቀላቅላ የምትነክርበት ዕቃ ፈለገች፤ ልክ የሆነው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«የዳቦ መጋገሪያዬ ነው የተንኳኳው?» አሉ እማማ።

«አዲስ እገዛልሻለሁ፣ እማዬ።»

«እኔ አዲስ ምን ያደርግልኛል? ለራስሽ ግዢ፣ እኔ ያንን ለምጄዋለሁ።»

ሽጉጧ ዘይት ውስጥ ተኛች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጠበቅ በቀር ሥራ አልነበራቸውም፤ ሕግ ግን ሕግ ነውና ጋሽ ፊሽካ ጠዋት ያመጣታል፣ ከሰዓት ይመልሳታል። የምትሄደው ደግሞ ከነዘይቷ፣ በዳቦ መጋገሪያው፣ ላይዋ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ረጅሙ ሰውዬ እንዳይፈስበት በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ በጎዳናው ሲያልፍ ሰዉ ቆሞ ያየዋል።

«ጋሼ፣ ምን ሾርባ ነው?» ይሉታል።

«የብረት!» ይላል ዓይኑን ከመጋገሪያው ሳይነቅል። በሰፈሩ ጋሽ ፊሽካ ታሟል፣ ሐኪም የብረት ሾርባ አዞለታል የሚል ወሬ ተነዛ። አንዲት ጎረቤት ሦስት እንቁላል ይዛ ልትጠይቀው ቤቱ ድረስ ሄዳለች።

ሱቅ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ደንበኛ ሲገባ «ቁልፍ ነው ስፌት መኪና?» እያለ በሩ ላይ ይቀበላል፤ ሰልፍ ያስይዛል፤ ጎባጣውን «ወገብህን ቀና አድርግ» ይለዋል። እትዬ ብሎን መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ለመደችው። ከሰዓት ሄዶ ሱቁ ጸጥ ሲል ደግሞ፣ የሆነ ማሽን የጠፋ ያህል ይሰማት ጀመር።

የዘይቱ ቀለም ሻይ ሲመስል አወጣቻት። በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በጨርቅ ስትፈትጋት ከቡናማው ሥር ጥቁር ሰማያዊ ብረት ብቅ አለ። ቪቴዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። አንዷ ግን አሻፈረኝ አለች። የካቻቪቴ መግቢያዋ በዝገት ተበልቶ መያዣ የላትም። እትዬ ብሎን መግቢያውን በቀጭን መጋዝ አዲስ ቀደደችላት፤ በብየዳ ብረት ጫፍ አሞቀቻት፣ አቀዘቀዘቻት፣ እንደገና አሞቀቻት፤ ካቻቪቴውን አስገብታ በትንሽ መዶሻ ራሱን መታ መታ አደረገችው። ጋሽ ፊሽካ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሯጭ ሊያበረታታ እንደተዘጋጀ ሰው ጎኗ ቆመ።

ካቻቪቴው ላይ ከበደችበት። ቪቴዋ ጭርር አለች፤ ተንቀሳቀሰች።

«በርቺ! በርቺ! ጎበዝ! አንቺ እኮ...» ብሎ ጮኸና ድንገት ቀጥ አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይቅርታ፤ እርስዎ ማለቴ ነው።»

እትዬ ብሎን ቪቴዋን ፈትታ በጣቷ እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ተወው ልጄ» አሉ እማማ በመጋረጃው በኩል፤ «እኔም ከተወለደች ጀምሮ አንቺ ነው የምላት፣ ምንም አልሆነችም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርስዎ ቀረ።

ሁሉም ተፈታቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጋ፣ ጋሽ ፊሽካ ሥራ ስጡኝ ብሎ አስቸገረ። ትንንሾቹን እንዲያጸዳ ብሩሽ ሰጠችው። ብዙም አልቆየም፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንዷ ቪቴ...» አለ።

«ምን ሆነች?»

«ወጣች።»

«ወዴት?»

«ብትነግረኝ ኖሮ አልጨነቅም ነበር።»

እትዬ ብሎን ማግኔት በገመድ አስራ ወለሉ ላይ ስትጎትት፣ እሱ በአራት እግሩ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ሲዳብስ፣ ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ደንበኛም ሳይጠየቅ ተንበርክኮ ሲፈልግ ሰዓቱ ሄደ። ብዙ ነገር ተገኘ፤ ድሮ የጠፋ መርፌ፣ ሳንቲም፣ የእማማ መነጽር አንድ መስታወት። ቪቴዋ ግን የለችም። በመጨረሻ ጋሽ ፊሽካ ተስፋ ቆርጦ ሲነሳ ማግኔቱ ከገመዱ ጋር ወደ እግሩ ተወነጨፈና ሱሪው ላይ ጥብቅ አለ። ቪቴዋ በሱሪው እጥፋት ውስጥ ተኝታለች።

እትዬ ብሎን ጠረጴዛውን ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች። «ከዓይንህ እንዳትለይ ተባልክ እንጂ ከሱሪህ እንዳትለይ መቼ ተባልክ!» እማማ ምን እንደሆነ እስኪነገራቸው መታገሥ አቅቷቸው ግድግዳውን ተደግፈው መጋረጃውን ራሳቸው ገለጡት። ከዚያን ቀን በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ዋለ።

ምላጩን የሚመልሰው ቀጭን ሞላ ተሰብሮ ነበር። እንዲህ ያለ ሞላ ከየትም አይገዛም። ከብስኩት ቆርቆሮዎቹ አንዱን ገልብጣ የአሮጌ ግድግዳ ሰዓት ሞላ አገኘች፤ ቆረጠች፣ ሞረደች፣ በሻማ እሳት አሞቃ አጠፈችው። መጀመሪያ የሠራችው ጠነከረ፣ ሁለተኛው ላላ፤ ቀጣዩ ልክ ሆነ። ሽጉጧን መልሳ ገጠመቻት፣ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ወለወለቻት። ከረግረግ የወጣች ሥር የመሰለችው ነገር አሁን እንደ ቁራ ላባ ታበራለች።

«ሳባት» አለችው።

ጋሽ ፊሽካ ምላጩን ሳበ። ከበሮው ዞረ፣ መዶሻው ተነሳ፣ ወደቀ። ቀጭ! ሁለቱም ልጆች ሆኑ። ደገመ፣ ሠለሰ። ከዚያ ቀጥ! ምላጩ አልሳብ አለ።

ፈታቻት። ሞላው ደህና ነው፤ ከበሮውን የሚገፋው ጣት መሳይ ብረት ደህና ነው። ገጠመቻት፤ ትሠራለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ቀጥ። እንደገና ፈታች፣ አጸዳች፣ ገጠመች፤ ያው ናት። ሌላ ቀን ሙሉ እንዲሁ አለፈ። እትዬ ብሎን ግንባሯ ላይ ዘይት ተቀብታ ከሽጉጧ ጋር ተኳረፈች።

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ፣ ስድሳውን ያለፈውን ሰውዬ፤ «በዝግታ ሳባት እስቲ። ዝም በሉ ሁላችሁም።»

በዝግታ ሳበ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀች። ቀጭ።

«አንዷ ታነክሳለች» አሉ እማማ። «ልጄ፣ የምታነክሰውን ብቻ እያት። ሌሎቹን ምን አድርጉ ትያቸዋለሽ?»

እትዬ ብሎን ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ከበሮውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። በከበሮው ዙሪያ ስድስት ትንንሽ ጎድጓዳዎች አሉ፤ ከበሮው ዞሮ የሚቆምባቸው። ከስድስቱ በአንዱ ጠርዝ ላይ በዝገት የተነሳች፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ እብጠት ነበረች። ሌሎቹ ቦታቸው ላይ ሲቆሙ ያችኛዋ ፀጉር ታህል ቀድማ ትቆማለች፤ አንዳንዴ ታልፋለች፣ አንዳንዴ ትነክሳለች። በቀጭኑ ሞረድ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገቻት። ገጠመች። ጋሽ ፊሽካ እጁ እስኪዝል ሳባት፤ አንድም ጊዜ አልቆመችም።

ጋሽ ፊሽካ ዘሎ እማማን ግንባራቸውን ሳማቸው። ዞሮ እትዬ ብሎንንም ሊስም ቃጣና አጠገቧ ሲደርስ ድፍረቱ ጥሎት ሄደ፤ እጇን ብቻ ያዘ። እጇ ዘይት ነበር፣ የእሱም ዘይት ነበር። ሁለቱም ቶሎ አልለቀቁም።

የበዓሉ ቀን ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። እማማ በሰው ሸክም መጥተው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። እትዬ ብሎን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጋሽ ፊሽካ ከሩቅ ሲያያት የድምፅ ማጉያውን ገልብጦ ያዘ። የቀድሞ ተማሪዎቹ መነሻው መስመር ላይ ተደርድረዋል፤ ራሰ በራ፣ ቦርጫም፣ የልጅ ልጅ ያያች ሁሉ አለች። የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊም በቁምጣ ቆሟል።

«በየቦታችሁ!» አለ ጋሽ ፊሽካ፣ ያኛው የድሮው ድምፁ። ሽጉጧን ወደ ሰማይ አነሳ። «ተዘጋጁ!»

ቀጭ።

ድምፅ የለም። ግማሾቹ ተነሱ፣ ግማሾቹ ቆሙ፤ ከኋላ ያሉት ከፊት ባሉት ላይ ተከመሩ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ፊሽካ ደገመ። ቀጭ። ላብ አጠመቀው።

እትዬ ብሎን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ሽጉጧን ተቀብላ ዘግይታ እንዳትጮኽ አፏን ወደ ሰማይ እንዳደረገች ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ከፈተቻት። ጣቷን አስገብታ አወጣችና አየችው። ጣቷ በዘይት ያብለጨልጫል።

«ዘይት ጨመርክባት?»

«ትንሽ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ልምጣ ስል። ቀኗ ስለሆነ... ለክብሯ።»

«ለክብሯ አሰጠምካት! ተኳሾቹ ረጥበዋል።» የረጠቡትን አራግፋ፣ ከእጅ ቦርሳዋ ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አደረቀች፤ ጋሽ ፊሽካ ከያዘው ሳጥን ደረቅ ተኳሾች አስገባችና መለሰችለት። ሳትሄድ ጎኑ ቆመች። «አሁን ሳባት» አለችው፣ «ምንም አትጨምርባት።»

ጧ!

እርግቦች ከጣሪያው ተነሱ፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ ሯጮቹ ወጡ። አንድ ቦርጫም ዳኛ ከድንጋጤው ብዛት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሮጦ ዙሩን ሁሉ ብቻውን ጨረሰ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እማማ «ድምፁ ደህና ነው፣ አታነክስም» ብለው አጨበጨቡ።

በማግስቱ ሽጉጧ ካዝና ውስጥ ነበረች። ጋሽ ፊሽካ ግን በተለመደው ሰዓት የሱቁን በር ከፍቶ ገባ። እጁ ባዶ ነው፤ ጺሙን ተላጭቷል።

«ምን ተበላሸ?» አለች እትዬ ብሎን።

«ምንም አልተበላሸም።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወዲያው ተነሳ። ሜዳ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ድምፁ ከመርፌ ቀጠነ። «እኔ... ሽጉጧ ባትኖርም እዚህ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ሱቁም ይኖራል፣ እማማም ይኖራሉ፣ ሁሉም እንዳለ። እኔ ብቻ ልጨመር።»

እትዬ ብሎን በእጇ ያለውን ቁልፍ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች፣ እንደገና አስቀመጠች። «እማዬን ጠይቃት» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

«እኔን ምን ይጠይቀኛል?» አሉ እማማ። «እኔ በሁለተኛው ቀን ነው የፈቀድኩት። እናንተ ናችሁ የዘገያችሁት።»

ሰርጋቸው ትንሽ ነበር፤ ሳቁ ግን ትልቅ። የድሮ ተማሪዎች ጓዙን ከቤቱ ወደ እሷ ቤት በአንድ ጋሪ አመጡለት። የሱቁ ወንበር ተጠገነ፤ ጎኑም ሌላ ተጨመረ። ጋሽ ፊሽካ ጠጋኝ ሆኗል ማለት ግን አይቻልም፤ የነካው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጠገናል። ይልቅ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ለእማማ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን የእግር ኳስ ቡድን ይዘው ከሰዓት በሬዲዮው ፊት ሲጨቃጨቁ እትዬ ብሎን ሞረዷን አስቀምጣ ታዳምጣለች።

ድሮ ሱቁ እሑድ ጭምር ክፍት ነበር። አሁን እሑድ ይዘጋል፤ ባልና ሚስቱ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። ባለፈው እሑድ ቁልፉ በእጁ የተሰበረበት አንድ ሰውዬ መጥቶ በሩን ደጋግሞ አንኳኳ። መስኮቱ ተከፈተና እማማ አንገታቸውን አወጡ።

«ነገ ና ልጄ» አሉት። «ልጆቹ ሊጫወቱ ወጥተዋል።»